«ብርድ ስለገባ ቀንሰናል» የሚሏችሁን ሳይክል ከመግዛታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ሳይክል ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከመስቀል ወዲህ በቴሌግራምና በደላላ በኩል «ብርድ ስለገባ ዋጋ ቀንሰናል» እየተባለ የሚሸጡ፣ አዲስ ቀለም የተቀቡ ማውንቴን ሳይክሎች አሉ። ከእነዚህ አንዷን የእህቴ ልጅ ገዛ። በሳምንቱ ከበዛዊት ኮረብታ ሲወርድ የቴላዮዋ (የዋናው አካሏ) አንገት ተቆርጦ አስፋልት ላይ ወደቀ፤ የግራ ክንዱም ተሰበረ። ልጁ እየዳነ ነው፣ ተመስገን። ይህን የምጽፈው ያንን የተቆረጠ ቴላዮ በእጄ ይዤ ስላየሁት ነው። እንደዚያ የተሠራ ሌላ ሳይክል ላይ የማንም ልጅ እንዲወጣ አልፈልግም።

መጀመሪያ ስለ ቅናሹ ምክንያት። «በብርድ ማን ሳይክል ይነዳል? ፈላጊ የለም፣ ለዚህ ነው የረከሰው» ይላሉ። ይህ በረዶ ለሚጥልበት አገር ይሠራል፤ እዚያ ሰው ቅዝቃዜው ሲጀምር ሳይክሉን ጓዳ ያስገባል። እኛን ግን ከሳይክል የሚያስቀረን ዝናብና ጭቃ እንጂ ብርድ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ አልፎ፣ አደይ አበባው ፈክቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለጣና ዳር ሳይክለኛ የዓመቱ ምርጥ ወቅት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በዘንባባዎቹ ሥር የሚያልፈውን፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ የሚመለሰውን ወጣት ቁጠሩት። ያ ድልድይ በ2016 ሲመረቅ የሳይክል መስመር ጭምር ይዞ ነው የመጣው፤ 380 ሜትሩን ያለ ስጋት ታቋርጡታላችሁ። ሳይክል በሚፈለግበት ወራት «ፈላጊ ጠፋ» ብሎ ዋጋ የሚሰብር ሰው ቶሎ ከእጁ እንዲወጣለት የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

አሻሻጡ እንዲህ ነበር። ማስታወቂያው ላይ «29 ቁጥር፣ ኦሪጅናል አሉሚኒየም፣ ምንም ያልተነካ» የሚል ጽሑፍና ከሩቅ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች አሉ። ዋጋዋ 17 ሺህ ብር። ልጁ ሊያያት ሲጠይቅ «ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው፣ 3 ሺህ ቀብድ በቴሌብር ላክና ልያዝልህ» አሉት። ላከ። ከዚያ በኋላ የቀጠሮው ሰዓት እየተገፋ ሄዶ የተገናኙት ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓይን ለዓይን መተያየት በሚያዳግትበት ሰዓት ነው። «ንዳትና እያት» ብለውት በደልዳላው አስፋልት ላይ ሄዶ ተመለሰ። ጥሩ ነች። ቀሪውን ከፈለ። ደረሰኝም፣ የውል ወረቀትም የለም። ደላላውና ሻጩ አብረው ሄዱ።

ምሽቱንና ቀብዱን ልብ በሉልኝ። ቀብድ የላከ ሰው ሳይክሏን ከማየቱ በፊት ግማሽ ልቡ ገዝቷል፤ ጉድለት ቢያይ እንኳ «3 ሺሄ ይቀራል» ብሎ ይዋጣል። በምሽት ደግሞ አዲስ ቀለም ሁሉ ያምራል።

ከአደጋው በኋላ ስብርባሪዋን ሰፈራችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሳይክል ሲጠግኑ ለኖሩ አንድ ሽማግሌ ወሰድኩላቸው። ከአንገቱ በታች ያለውን ቀለም በቢላ ጫፍ ፋቁት። ከቀለሙ ሥር ስንጥቅና ጉድጓድ የሚሞላበት ግራጫ ስቱኮ ወጣ። ስቱኮውን ሲያነሱት ተንጠባጥቦ እንደ ረጋ ሻማ የተቆለለ ብየዳ ታየ።

«ልጄ፣ ይችን ሁለት ጊዜ በይደዋታል» አሉኝ።

«አንቱ ቀድመው ቢያዩዋት ኖሮ ያውቁባት ነበር?»

«ቀለሙ አዲስ፣ ጥርሱና ሰንሰለቱ አሮጌ የሆነ ሳይክል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው አንገቱን ነው። አንገቱ ካልተነካ ሥሩን፣ ፔዳሉ የሚገባበትን አያለሁ። ከነዚህ አያልፍም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው «ተበይዶ ቢሆንስ ምን አለበት?» ሲል እሰማለሁና። የብረት ቴላዮ ከሆነ በጥሩ እጅ ተበይዶ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። አሉሚኒየም ግን ሌላ ነው። ለሳይክል የሚውለው አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው በፋብሪካ ውስጥ በልኩ ሞቆ፣ በልኩ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በምድጃ ቆይቶ ነው። ብየዳ ሲያርፍበት በዙሪያው ያለው ክፍል ይህን ጥንካሬ በእጅጉ ያጣል፤ እንደገና በምድጃ ካልታከመ አይመለስለትም። መንገድ ዳር ያለ የብየዳ ቤት ደግሞ ያንን ምድጃ ከየት ያመጣል? በዚያ ላይ አሉሚኒየም ቀስ ብሎ ጎብጦ አያስጠነቅቅም። በየጉድጓዱ በተመታ ቁጥር ስንጥቁ በፀጉር ልክ እየረዘመ ይሄድና አንድ ቀን በአንዴ ይለያያል። የእህቴ ልጅ የፊት ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ አንገቱ ላይ ዐረፈ፤ የተቆረጠችውም ያኔ ነው።

ስለዚህ ስታዩ በቀን ብርሃን እዩ፤ ጨርቅና ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። ማግኔቱ ቴላዮው ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው፤ «አሉሚኒየም» ብለው ከሆነ የሚሸጡላችሁ እዚያው ውሸቱን ያዛችሁ። ብረት ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ማግኔቱ ከላላ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ። አሉሚኒየም ከሆነ ማግኔት ስለማይዘው ዓይናችሁንና ጣታችሁን ተጠቀሙ። የፋብሪካ ብየዳ ብዙውን ጊዜ እኩል እኩል ሆኖ እንደተደረደረ ይታያል፤ አንዱ መጋጠሚያ እንዲህ ሆኖ ሌላው ልሙጥ ከሆነ ጠይቁ። መሪው የሚገባበት አንገት፣ ፔዳሉ የሚገባበት ሥር፣ የኮርቻው ቱቦ አፍና የኋላ ጎማ የሚታሰርበት ጫፍ፣ እነዚህን በጨርቅ ጠርጋችሁ በጥፍር ዳብሷቸው። ቀለም ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ካያችሁ «ጭረት ነው» ቢሏችሁም ተዉት።

የከተማችን ደልዳላነት ለሻጩ ይጠቅመዋል። ባሕር ዳር ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ናት፤ ከጊዮርጊስ እስከ ፔዳ በአንድ ማርሽ ያለ ፍሬን መሄድ ይቻላል። ሻጭ «ንዳት» ሲል አይፈራም፤ በሜዳ ላይ የደከመ ፍሬን፣ የሚንሸራተት ማርሽ፣ የላላ አንገት አይታወቅም። ችግሩ የሚገለጠው በበዛዊት ዳገትና ቁልቁለት፣ ወይም ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ነው፤ ያኔ ብሩ ተከፍሏል። ዳገት ላይ መሞከር ባይቻል እንኳ አንድ ነገር አድርጉ። ቆማችሁ የፊት ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙና ሳይክሏን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቋት። አንገቱ አካባቢ «ቀጭ» የሚል ነገር ከተሰማችሁ ወይም ኩሽኔታው ላልቷል ወይም የባሰ ነገር አለ። ፔዳሉን ደግሞ ወደ ጎን ግፉና ሳቡት፤ መወዛወዝ የለበትም።

ቅዝቃዜው ራሱ የሚገባበት እዚህ ጋ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። 10 ዲግሪ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው፣ ነፋሱ ሲጨመርበት ቆዳው ላይ የሚሰማው ወደ 7 ዲግሪ ይጠጋል። መጀመሪያ የሚደነዝዘው ጣት ነው፣ ፍሬን የሚይዘውም ጣት ነው። ክረምቱን ደጅ የቆመች ሳይክል የፍሬን ሽቦዋ በሽፋኑ ውስጥ ይዝጋል። ከመሸጧ በፊት ዘይት ጠብ ሲደረግባት ለጊዜው ትለሰልሳለች፤ ዝገቱ ግን እዚያው ነው። በደነዘዘ ጣት የዛገ ሽቦ መሳብ ምን ማለት እንደሆነ ጠዋት የሚነዳ ያውቀዋል። በሁለት ጣት ብቻ ያዙት፤ ፍሬኑ መያዝ አለበት፣ ስትለቁትም ወዲያው መመለስ አለበት። ቀጠሮውን ጠዋት በብርዱ ሰዓት አድርጉት። «በጠዋት አይመቸኝም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ብርድን ሰበብ የሚያደርጉበት ሌላም ነገር አለ። ልጁ በገዛ በማግሥቱ ጎማው ረግቦ አግኝቶት ሲደውልላቸው «ብርድ ነው፣ ጎማ በብርድ ይረግባል» አሉት። እውነት ነው ይቀንሳል፤ ግን 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢወርድ የሚቀንሰው 2 ፒኤስአይ ያህል ነው። በእጅ ስትጫኑት ልዩነቱን አታውቁትም። በአንድ ሌሊት ቸርኬው መሬት የነካ ጎማ ከመነዳሪው ተበስቷል ወይም አፉ ያፈሳል።

ስለ ጎማ ካነሳሁ፣ «29 ቁጥር» የተባለችው ሳይክል 29 አልነበረችም። የጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡ፤ መጨረሻ ላይ 559 ካለ 26 ነው፣ 584 ካለ 27.5 ነው፣ 622 ካለ 29 ነው። የእሷ 584 ነበር። ለሰንሰለት ደግሞ ማስመሪያ ይበቃል። 12 ሙሉ ዘለላ፣ ማለትም ከአንድ ፒን መሐል ተነስቶ ከእሱ ቀጥሎ እስካለው 24ኛ ፒን መሐል ሲለካ አዲሱ 30.5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። 30.6 ካለፈ ሰንሰለቱ ይቀየራል፤ 30.8 ከደረሰ ጥርሶቹንም በልቷቸዋልና ያንን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ወረቀት አስፈርሙ። ይህ የመተማመን ጉዳይ አይደለም። የቴላዮው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከፔዳሉ ሥር፣ ከታች በኩል ተመትቷል፤ ሳይክሏን ገልብጡና አንብቡት። ተፍቆ ወይም በስቱኮ ተሸፍኖ ከሆነ የተሰረቀች ልትሆን ትችላለችና ለገንዘባችሁ ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁም ፍሩ። ቁጥሩን፣ ዋጋውን፣ «ቴላዮው ያልተበየደ» የሚለውን ቃል፣ የሻጩን ስምና የመታወቂያ ቁጥር ጽፋችሁ ሁለት ምስክር አስፈርሙ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው። ገዢ ደግሞ ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት፤ ማንም ሊያየው ለሚችል ግልጽ ጉድለት ሻጭ አይጠየቅም። ሻጩ ነጋዴ ከሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃው ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ ደረሰኝም ጠይቁ። የእህቴ ልጅ በእጁ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። ማስታወቂያው ተሰርዟል፣ ስልኩም አይነሳም። ማስታወቂያውን በስክሪንሾት ይዞት ቢሆን ኖሮ «ምንም ያልተነካ» የሚለው ቃል ዛሬ ማስረጃ ይሆን ነበር፤ እናንተ ገና ሳትደውሉ አንሱት።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። በዚህ ጥቅምት ወይም ኅዳር አዲስ ቀለም የተቀባ፣ አሮጌ ሰንሰለት ያለው አሉሚኒየም ሳይክል በምሽት ተቀብላችሁ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት አትውጡባት። እየገፋችሁ ወደምታምኑት ጠጋኝ ውሰዷትና ከአንገቷ በታች ያለውን ቀለም በአውራ ጣት ስፋት ያህል አስፍቁ። ስቱኮ ከወጣ በፎቶና በቪዲዮ ቅዱት፣ ለሻጩ በጽሑፍ መልእክት ዛሬውኑ አሳውቁ፣ ከፖሊስ ጣቢያም አስመዝግቡ። ቴላዮውን ጨርሶ አትጣሉት፤ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ጎማውን፣ ማርሹንና ኮርቻውን ሌላ ደህና ቴላዮ ላይ ማስገጠም ይቻላል፤ አንገቷን ለሦስተኛ ጊዜ አስበይዳችሁ ለሌላ ሰው ግን እንዳትሸጧት።