አር ኦ ወይስ ሴራሚክ? ለቤትዎ የሚሆነውን የውሃ ማጣሪያ ለመምረጥ

የውሃ ማጣሪያ ለመግዛት የሚወጣ ሰው ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው የደረጃ ቁጥር፣ ማለትም ውሃው የሚያልፍባቸው የማጣሪያ ክፍሎች ብዛት ነው፦ ባለ አምስት፣ ባለ ሰባት፣ ባለ ዘጠኝ ደረጃ። እኔ ግን ከደረጃው በፊት ውሃዎ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ እላለሁ። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ወይም በአጭሩ አር ኦ የሚባለው መሣሪያ ለአንዱ ቤት የግድ ሲሆን፣ ለሌላው ያለ ፋይዳ የሚወጣ ብዙ ገንዘብ ነው።

የሴራሚክ ማጣሪያ አሠራር ቀላል ነው። ውሃው በራሱ ክብደት በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየሰረገ ወደ ታችኛው ዕቃ ይንጠባጠባል። በጥሩ ሴራሚክ ቀዳዳው ከ1 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ስለሚያንስ ደለል፣ አሜባ፣ ጃርዲያና አብዛኛው ባክቴሪያ ላይ ይቀራሉ። ቫይረስ ግን ሊያልፍ ይችላል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨውና ማዕድንም እንዳለ ያልፋል።

አር ኦ የሚለየው የሟሟውንም በማስቀረቱ ነው። ውሃው መጀመሪያ ደለል በሚይዝ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ በካርበን ያልፋል። ካርበኑ ክሎሪንን ካላስቀረ ዋናው ክፍል፣ ሜምብሬን የሚባለው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስስ ሽፋን፣ ቶሎ ይበላሻል። ከዚያ ውሃው በግፊት ሜምብሬኑን እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ንጹሑ ወደ ትንሽ ታንከር ሲገባ ጨው የበዛበት ቀሪ በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። በብዙ የቤት መሣሪያዎች አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ሦስት ወይም አራት ሊትር ይፈስሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚፈስሰውን በባልዲ ተቀብሎ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ማዋል ያስፈልጋል።

ግፊቱም ሌላ ጉዳይ ነው። መሣሪያው በደንብ የሚሠራው 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ሲያገኝ ነው። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ግን ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ አብዛኛው ቤት ፓምፕ ያለበትን መግዛት ይኖርበታል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በታንከሩ የተጠራቀመው ብቻ ይቀራል። ሴራሚክ መብራትም ግፊትም አይፈልግም።

እንግዲህ ለማን የትኛው? ቤትዎ በስምጥ ሸለቆ ከሆነ፣ ማለትም በዝዋይ፣ በመቂ፣ በወንጂ ወይም በሐዋሳ ዙሪያ፣ የጉድጓድ ውሃም የሚጠጡ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት አር ኦ እመርጣለሁ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሟሟው ፍሎራይድ በብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ይበልጣል። የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው፤ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትንም ይጎዳል። ሴራሚክ አያስቀረውም፣ ተራ ካርበንም አያስቀረውም። ማፍላት ደግሞ ይባስ ያደርገዋል፤ ውሃው ይተንና ፍሎራይዱ ይቀራል። ደህና ሜምብሬን ግን ከአሥር እጅ ዘጠኝ ያህሉን ይቀንሰዋል። ከመግዛትዎ በፊት ውሃውን ላቦራቶሪ ያስመርምሩ፤ ከተገጠመ በኋላም የወጣውን እንደገና ያስመርምሩ።

ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ታክሞ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ ለሚጠጣ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ግን ሴራሚክ ይበቃል ባይ ነኝ። እዚያ የሚያሰጋው በተቆራረጠ መስመርና ባልታጠበ ሮቶ የሚገባው ጀርም ነው። ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ባለበት ቤት የተጣራውን ማፍላት የቫይረሱንም ስጋት ያስወግዳል። በከተማዋ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

አንድ የሽያጭ ዘዴ በጣም ያናድደኛል። ሻጩ የብረት ዘንጎች ያሉትን መሣሪያ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ይነክርና መብራት ያገናኛል፤ ውሃው ወዲያው ይደፈርሳል። «የምትጠጡት ይህን ነው» ይላል። ያ ድፍርስ በአብዛኛው ከራሱ ከዘንጉ የወጣ ዝገት ነው። የአር ኦ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ ንጹሕ መስሎ የሚቆየውም ለዚህ ነው። የሟሟ ማዕድን መጠን የሚያሳየው ትንሽ መለኪያም ቢሆን ስለ ጀርም ምንም አይናገርም። ሜምብሬኑ መድከም አለመድከሙን ለመከታተል ግን ይጠቅማል።

የወደፊቱን ወጪም ያስቡ። የሴራሚኩን ሸክላ በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ይበቃል፤ ከተሰነጠቀ ግን ወዲያው ይቀየር። የአር ኦ የፊት ማጣሪያዎች በየስድስት ወሩ እስከ ዓመቱ፣ ሜምብሬኑ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ይቀየራሉ። ስለዚህ ከአንድ ሻጭ ብቻ የሚገኝ ልዩ ቅርጽ ያለው ማጣሪያ አይግዙ። በየሱቁ የሚገኘው ባለ 10 ኢንች ካርትሪጅ (ተነቃይ ማጣሪያ) የሚገባበትን ይምረጡ፤ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊትም መለዋወጫው ሱቁ ውስጥ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።