ፒ38 አልፋን ለማስቆም፦ ኤስቢ203580 ወይስ ኤስአይአርኤንኤ?

ፒ38 አልፋ አልትራቫዮሌት ጨረር፣ የጨው ብዛት ወይም የብግነት መልእክት ሕዋስን ሲያስጨንቅ የሚነቃ ካይኔዝ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው። ሥራውን ለመለየት ከሚያስቆሙት መንገዶች እዚህ ሁለቱን እናነጻጽራለን፦ ኤስቢ203580 የተባለውን ገቺ ኬሚካልና የፕሮቲኑን መመረት የሚያስቆመውን አጭር አርኤንኤ፣ ኤስአይአርኤንኤ።

ፍጥነት፦ ኤስቢ203580 ከጭንቀቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይጨመራል። ኤስአይአርኤንኤ ነባሩ ፕሮቲን እስኪያልቅ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል።

መጠን፦ በዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) የሟሟ 10 ሚሊሞላር የኤስቢ203580 ክምችት 1 ለ1000 ሲቀጥን 10 ማይክሮሞላር ይሆናል። ማነጻጸሪያው ሳህን ላይም ያንኑ 0.1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ይጨምሩ።

ኢላማ፦ ኤስቢ203580 የአልፋን የቅርብ ዘመድ ፒ38 ቤታንም ይገታል፣ እንደ ሲኬ1 ያሉ ሌሎች ካይኔዞችንም ይነካል። ኤስአይአርኤንኤ አልፋን ከቤታ ለይቶ ሊመታ ይችላል፤ ማስገቢያው ቅባት ግን ራሱ ሕዋሱን ሊያስጨንቅ ስለሚችል ኢላማ የሌለው ማነጻጸሪያ፣ አርኤንኤውም ሌላ ጂን ሊነካ ስለሚችል ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ቅደም ተከተሎች ያስፈልጋሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ማረጋገጫው ላይ ነው። ኤስቢ203580 ፒ38 ላይ የኤቲፒን (የፎስፌቱን ምንጭ) ቦታ ይይዛል እንጂ ፒ38ን የሚያነቁት ካይኔዞች ኤምኬኬ3 እና ኤምኬኬ6 ፒ38 ላይ ፎስፌት እንዳይለጥፉ አያግድም። ስለዚህ ፕሮቲን በሚለካበት ዌስተርን ብሎት የፎስፎ-ፒ38 (ፎስፌት የተለጠፈበት ፒ38) መስመር ደምቆ ቢታይ ኬሚካሉ አልሠራም ማለት አይደለም፤ መታየት ያለበት ከፒ38 በታች ያሉት ፕሮቲኖች፣ ፎስፎ-ኤምኬ2 ወይም ፎስፎ-ኤችኤስፒ27፣ መቀነሳቸው ነው። ለኤስአይአርኤንኤ ግን ጠቅላላው የፒ38 አልፋ መጠን ይለካል።

በደቂቃዎች ለሚያልፍ ምልክት ኬሚካሉ ይመቻል። አልፋን ከቤታ ለመለየት ኤስአይአርኤንኤ። አርኤንኤ አላስገባ ለሚሉ ሕዋሶች ደግሞ ኬሚካሉ፣ በመዋቅሩ ከሚለይ ሁለተኛ ገቺ ጋር።