ስማርት ሚዛን፦ ክብደትን በልክ፣ ስብን በግምት

በአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫዎችም ሆነ በቴሌግራም ገበያዎች የሚቀርበው ስማርት ሚዛን የሚሸጠው ክብደትን ብቻ ሳይሆን የስብን፣ የጡንቻን፣ የውሃንና የአጥንትን መጠን፣ አልፎ ተርፎም «የሰውነት ዕድሜ» የተባለ ቁጥር ጭምር ይናገራል ተብሎ ነው። እኔ የምገመግመው ክብደት ለመቀነስ የሚጥር ሰው ለውጡን ለመከታተል ምን ያህል ይረዳዋል ከሚለው አንጻር ብቻ ነው። የአምራቹን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም፤ በላያቸው አራት የብረት ገጽ ያላቸውና በባዶ እግር የሚቆምባቸው ሚዛኖች የሚሠሩበት መንገድ በመሠረቱ አንድ ነው።

በሚዛንነቱ የሚነቀፍ ዕቃ አይደለም። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ ከተቀመጠ ደጋግመው ቢቆሙበትም የሚሰጠው ቁጥር ተቀራራቢ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ግን ንባቡ ስለሚዛባ መጠቀም አይገባም። ከመንገድ ዳር ሚዛን የሚበልጠው ቤት ውስጥ በመገኘቱ ነው፦ በመንገድ ዳር ሰው የሚመዘነው ጫማውንና ጃኬቱን እንዳደረገ፣ አንድ ቀን ከምሳ በፊት ሌላ ቀን ከምሳ በኋላ ሲሆን፣ ቤት ውስጥ ግን ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በስስ ልብስ መመዘን ይቻላል። ስልክ ላይ የሚጫነው አፕሊኬሽን በበኩሉ የየዕለቱን ቁጥር መዝግቦ በመስመር ያሳያል። ከዕቃው ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣው ይህ መስመር ነው ብል አላጋነንኩም።

ምክንያቱም የአንድ ቀን ቁጥር ስለ ስብ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያስቀምጠው ግላይኮጅን የተባለ የኃይል ክምችት በእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ እንጀራና ዳቦ በድንገት ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቱ ሲወርድ የሚያየው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ወደ ቀድሞ ገበታው ሲመለስም ያው ውሃ ይመለሳል። ሁዳዴን ጾሞ በፋሲካ ዶሮ ወጥና ጨው የበዛበት ምግብ የተመገበ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ሲገኝ ሊደነግጥ አይገባውም፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ስለሚይዝ፣ ያ ጭማሪ በሙሉ ስብ ቢሆን ኖሮ ሰውነቱ ካቃጠለው በላይ 15,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መብላት ነበረበት። በሴቶች ዘንድ ደግሞ የወር አበባ ዑደት የሚያመጣው የውሃ መጨመር አለ። ሊነጻጸር የሚገባው የሳምንት አማካይ ከሳምንት አማካይ ጋር ነው፤ ይህን በወረቀትና በእስክሪብቶ መሥራት ቢቻልም ሚዛኑ ድካሙን ይቀንሳል።

የስብ መቶኛው ጉዳይ የተለየ ነው። ሚዛኑ ስብን አይለካም፤ የሚለካው በአንዱ እግር አስገብቶ በሌላው የሚያስወጣው የማይሰማ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያጋጥመውን ተቃውሞ ነው። ውሃ የበዛበት ጡንቻ ሞገዱን በቀላሉ ያሳልፋል፣ ስብ ግን ይቃወማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ተጠቃሚው ካስገባው ቁመት፣ ዕድሜና ጾታ ጋር ተዳምሮ በቀመር የተገመተ ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አፕሊኬሽኑ ላይ ቁመቱን በጥቂት ሴንቲሜትር ቀይሮ እንደገና ይቁምበት፤ ሰውነቱ ሳይለወጥ ስቡ ይለወጣል። ለእኛ አገር ተጠቃሚ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፦ አፕሊኬሽኑ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን የዘመን አቆጣጠር ስለሆነ፣ የትውልድ ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1982 ብሎ የሚያስገባ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ተደርጎ ይሰላል። በዚህ ላይ ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ጾመኛ ሰውነቱ ውሃ ሲያንሰው ተቃውሞው ስለሚጨምር፣ አንዳች ስብ ሳይጨምር ስቡ እንደበዛ ሊነገረው ይችላል።

ትልቁ ጉድለት ግን ሞገዱ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ከእግር ወደ እግር የሚሄድ ሞገድ በዋናነት የሚያነበው የታችኛውን የሰውነት ክፍል በመሆኑ፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም ተጋላጭነትን ከሌላው ይበልጥ የሚያመለክተውን ቦርጭ በቅጡ አያየውም። «የሆድ ዕቃ ስብ» ብሎ የሚያወጣውን ቁጥር እኔ ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ለዚህ ጥያቄ ከሚዛኑ የተሻለው መሣሪያ መርካቶ ውስጥ በጥቂት ብር የሚገኘው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው መንገድ ወገብ የሚለካው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ሜትሩን ከወለሉ ትይዩ አድርጎ፣ በተለምዶው መጠን አየር ካስወጡ በኋላ ነው፤ ሆድን ማስገባት ራስን ማታለል ነው። ወገቡ ከ94 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ወንድና ከ80 በላይ የሆነች ሴት የጤና ስጋታቸው ጨምሯል፤ ከ102 እና ከ88 ሲያልፍ ደግሞ ስጋቱ በጣም ያይላል። ሌላው ለማስታወስ የሚቀለው መለኪያ ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች እንዲሆን ማድረግ ነው። ያረጀ የጨርቅ ሜትር ስለሚሳብ ሁልጊዜ በአንዱ ብቻ መለካት፣ በሁለት ሳምንት አንዴ መመዝገብም ይበቃል። ክብደቱ ለሳምንታት ቆሞ ወገቡ የሚጠብ ሰው፣ በተለይ ስፖርት ከጀመረ፣ ስብ እያጣ መሆኑን ሜትሩ ይነግረዋል፤ ሚዛኑ ብቻ ቢኖረው ግን ተስፋ ቆርጦ ሊተወው ይችላል።

አፕሊኬሽኑ የሚያወጣው ቢ ኤም አይ ክብደትን ለቁመት ካሬ በማካፈል የሚገኝ ሲሆን፣ መነሻው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የቤልጂየም የስታቲስቲክስ ሊቅ የአዶልፍ ኬትሌ ስሌት ነው። ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ በየሳምንቱ የሚከታተሉት ነገር አይደለም።

እንግዲህ ተራ ዲጂታል ሚዛን ቤቱ ያለው ሰው ለስብ መቶኛ ብሎ ይህን እንዲገዛ አልመክርም። ሚዛን የሌለውና መዝገብ መያዝ የሚሰለቸው ሰው ግን ቢገዛው ይጠቀምበታል፣ ሜትርም አብሮ ይግዛ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ግን ሞገድ በሚለቀው ሚዛን ላይ በባዶ እግሩ መቆም የለበትም፤ ለነፍሰ ጡርም አይመከርም። በርካታ ሰዎችን በአንድ መዝገብ መያዝ ቢችልም ክብደታቸው የተቀራረበ ባልና ሚስትን አንዳንዴ ስለሚያምታታ፣ ከመቆም በፊት የማን ስም እንደተመረጠ አይቶ መነሳት ይሻላል።