«የአድዋ ብር» እያሉ የሚሸጡትን ሳንቲም አትግዙ

ጎበዝ፣ እኔ ላይ የደረሰው እናንተም ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ወር ለአባቴ ስጦታ ስፈልግ አንድ ሰው በቴሌግራም «የአድዋ ብር አለኝ» አለኝ። ፒያሳ ተገናኘን። ሳንቲሙ መዳፍ ይሞላል። በአንድ በኩል ዘውድ የደፋ ሪዛም ሰው፣ በሌላው በኩል ክንፉን የዘረጋ ንስር አለው። ንስሩ ደረቱ ላይ ጋሻ፣ ጋሻው ላይ ደግሞ መስቀል አለ። ሰውየው በጥፍሩ እየነካ «ይኸው መስቀላችን። ዓመቱን እየው፣ 1896። ምኒልክ ከድሉ በኋላ በማረኩት ብር ያስቀረጹት ነው» አለኝ። አባቴ አድዋ ሲባል እንባው ነው የሚቀድመው። 18,000 ብር ከፈልኩ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየውና «ልጄ፣ ምኒልክ በፈረንጅ ቁጥር ይጽፋሉ እንዴ?» አለኝ።

ልክ ነበር። የምኒልክ ብር ላይ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር፣ በእኛው አቆጣጠር ነው የተጻፈው፤ የመጀመሪያው ፲፰፻፹፯ ይላል። ጀርባውም ላይ ያለው አንበሳ እንጂ ንስር አይደለም።

እኔ የገዛሁት ላይ ያለው ሥዕል ታለሮ የሚባለው የጣልያን የብር ሳንቲም ሥዕል ነው። ሪዛሙ ሰውዬ ንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ ነው። መስቀሉ የሳቮያ ቤት፣ ማለትም የጣልያን ነገሥታት ቤተሰብ አርማ ነው፤ በቀለም ሲሣል በቀይ መደብ ላይ ነጭ መስቀል ይሆናል። ጣልያን ታለሮውን ያስቀረጸችው ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ ነው፣ በ1891 እና በ1896 እ.ኤ.አ.። ንስሩም ያለ ምክንያት አልገባም። ሕዝቡ የለመደው ማርትሬዛን፣ የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን መልክ የያዘውን የብር ሳንቲም ነበር፤ ሳንቲሟ ጀርባ ላይ ባለ ሁለት ራስ የኦስትሪያ ንስር አለ። በእሷ ቦታ ሊተኩት ፈልገው ነው። ገበያው ግን ማርትሬዛን አልለቅም አለ። በ1918 እ.ኤ.አ. የሴት መልክ ያለበት ሌላ ታለሮ አውጥተው ሞከሩ፤ እሱም አልሆነላቸውም።

እንግዲህ በአድዋ ስም አባቴ እጅ ላይ ያስቀመጥኩት የወራሪውን ንጉሥ አርማ ነው። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሳንቲሙ ራሱ ደግሞ ፎርጅድ ሆነ። ወርቅ ሰሪ ጋ ወስጄ ሲመዘን 21 ግራም ወጣ። እውነተኛው ታለሮ 28 ግራም ከትንሽ ይመዝናል፤ ከሺህ 800 እጁም ንጹሕ ብር ነው። ጠርዙን በጣቴ ስዳብሰው ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር አለው። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። ፒያሳ እያለሁ ጠርዙን ብነካው ኖሮ አውቀው ነበር።

ማርትሬዛ የምትገዙም ተጠንቀቁ። «1780 ይላል፣ ከ240 ዓመት በላይ ነው» ሲሏችሁ አትመኑ። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮም ውስጥ ሳይቀር ተመትቷል። ብርነቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የዕድሜውን ዋጋ ግን አትክፈሉ።

ሰው «የአድዋ ብር» ካላችሁ የጋሻውንና የጠርዙን ፎቶ አቅርቦ ይላክላችሁ። ሚዛን ያለበት ቦታ ካልሆነ አትገናኙ። የእኔው ሰውዬ ስልኩን ዘግቷል። ያንኑ ዓይነት ሳንቲም ግን ትናንት በሌላ ስም ተለጥፎ አየሁት፤ ዋጋው 25,000 ብር ገብቷል።