ለዩኒቨርሲቲ ክፍል የቱ የቪአር መነጽር ይሻላል? ኩዌስት 3ኤስ፣ ኩዌስት 3 ወይስ ቫይቭ

ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለአንድ ሰው የሚገዛ የቪአር መነጽር (ዓይን ላይ ሲደረግ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የሚያስገባው) እና ለ40 ተማሪ የሚገዛው አንድ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ የምታዩዋቸው ሰዎች ቤታቸው ሆነው ለብቻቸው ነው የሚሞክሩት። እኛ ጋ ግን ያው መነጽር በአንድ ጠዋት አራት ሰው ጭንቅላት ላይ ይወጣል። የዓይን መነጽር ያደረገ አለ፣ ሹሩባ የተሠራች አለች፣ ገና ሲያደርገው የሚያጥወለውለውም አለ።

እስቲ በ3,000 ዶላር እናስላው። የሜታ ኩዌስት 3ኤስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ ከ300 ዶላር ይጀምር ነበር። ኩዌስት 3 ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ500 ዶላር ወጣ። የኤችቲሲው ቫይቭ ፎከስ ቪዥን ደግሞ ሲወጣ 1,000 ዶላር ገደማ ነበር። ማጓጓዣና ቀረጡን ለጊዜው እንተወውና፣ 10 ኩዌስት 3ኤስ፣ ወይ 6 ኩዌስት 3፣ ወይ 3 ቫይቭ ማለት ነው። የአፕል ቪዥን ፕሮ በ3,499 ዶላር ስለወጣ በዚህ ብር አንድም አይገዛም፣ እሱን እርሱት።

አሁን 40ውን ተማሪ አስገቡበት። ለአንድ ዙር 20 ደቂቃ ያዙ፣ ለጀማሪ ይበቃል። በ10 መነጽር 4 ዙር ነው፣ 80 ደቂቃ። የሁለት ሰዓት ላብ ውስጥ ይገባል። በ6 መነጽር 7 ዙር፣ 140 ደቂቃ፣ ክፍለ ጊዜው አለቀ። በ3 ቫይቭ ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። እኔ ለብዙው ዲፓርትመንት ኩዌስት 3ኤስ የምለው ለዚህ ነው።

ምስሉ ላይ ይሸነፋል፣ አልደብቃችሁም። ሌንሱ ፍሬኔል የሚባለው የቆየው ዓይነት ነው፣ መሃሉ ጥርት ይላል፣ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ኩዌስት 3 ፓንኬክ የሚባለውን ሌንስ ስለያዘ እስከ ዳር ይነበባል፤ ለአንድ ዓይን 2064 በ2208 ፒክስል አለው፣ 3ኤስ ግን 1832 በ1920። ባለፈው ሴሚስተር የራስ ቅል ሞዴል ከፍተን ሁለቱን ጎን ለጎን ሞክረናቸው ነበር። አንዲት ተማሪ ኩዌስት 3ን አድርጋ ከቅሉ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ስም ዓይኗን ብቻ እያንቀሳቀሰች ታነብ ነበር። 3ኤስን ስታደርግ ወደ እያንዳንዱ ጽሑፍ አንገቷን ማዞር ጀመረች፣ አንዱ ጋ ስትደርስማ ቆም ብላ «ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ። ለአናቶሚ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ደቃቅ ጽሑፍ የሚበዛበት ትምህርት ከሆነና ተማሪዎቻችሁ 20 አካባቢ ከሆኑ ኩዌስት 3 ግዙ። ከዚያ ውጪ ቺፑ ያው ስናፕድራገን ኤክስአር2 ጄን 2 ነው።

ሌላ ልዩነት አለ። በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለውን ርቀት ከሁለቱ ዓይኖቻችሁ ርቀት ጋር ለማስተካከል ኩዌስት 3 ላይ ትንሽ ጎማ ታዞራላችሁ። 3ኤስ ላይ ሌንሱን ራሱን በእጅ ገፍቶ ከሦስት ቦታ በአንዱ ማቆም ነው፣ የጣት አሻራም እዚያው ይቀራል። ከእያንዳንዱ መነጽር ጋር ደረቅ የሌንስ ጨርቅ አስቀምጡ።

ባትሪ ላይ ቫይቭ ያሸንፋል። እንደ ሜታ አባባል 3ኤስ 2 ሰዓት ተኩል፣ ኩዌስት 3 ደግሞ 2.2 ሰዓት ገደማ ይቆያሉ። የጠዋቱ ክፍል ከጨረሰ በኋላ በምሳ ሰዓት መብራት ከሄደ የከሰዓቱ ክፍል ቀረ ማለት ነው። ቫይቭ ፎከስ ቪዥን ግን ሳይጠፋ ባትሪው ይቀየራል። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ሰው እየገባ የሚለማመድበት የክህሎት ላብ ካላችሁ፣ ዋጋው ያዋጣል።

ሰው «ርካሽ ሆሎሌንስ አግኝተናል» ካላችሁ ተዉት። ማይክሮሶፍት ይህን መነጽሩን፣ ሆሎሌንስ 2ን፣ ማምረት በ2024 አቁሟል።

መነጽር የማያስፈልገው ትምህርትም አለ። በ2019 ማክራንስኪና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት፣ አንድን የሳይንስ ላብ በቪአር የሠሩ ተማሪዎች ቦታው ላይ ያሉ ያህል ቢሰማቸውም፣ በኮምፒውተር ስክሪን ከሠሩት ያነሰ እንደተማሩ አሳይቷል። ስለዚህ ገብቶ ማየት፣ መዞር፣ በእጅ መሥራት ለሚጠይቀው ብቻ ያዙት። ለሌላው ያለው የኮምፒውተር ላብ ይበቃል።

ሜታ ኩዌስትን ኢትዮጵያ ውስጥ በይፋ አይሸጥም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው ካስመጣችሁ ዋስትናው ላይ አትተማመኑ። ኩዌስት መጀመሪያ ሲከፈት ስልክ ላይ ያለ አፕና አካውንት ይፈልጋል፣ አፖቹም ከባድ ናቸው፣ ዋይፋዩ በማይጨናነቅበት ማታ አውርዱ። ሌንሱን ፀሐይ እንዳያገኘው፣ መስኮት ዳር ከተቀመጠ ስክሪኑን ያቃጥለዋል። ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ላብ ይጠጣል፣ የሚጠረግ የሲሊኮን ሽፋን አብራችሁ እዘዙ።

አሥሩን በአንዴ አትግዙ። መጀመሪያ አንድ አምጡና ለአምስት ተማሪ አድርጉላቸው፤ አንዱ የዓይን መነጽር ያለው፣ አንዷ ሹሩባ የተሠራች ትሁን። የምታስተምሩትን አንድ ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሥሩበት። ከዚያ ዘጠኙን እዘዙ።