ሕክምና እዚሁ ይሻላል ወይስ ቻይና?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። "ዶክተር፣ ልጄን ቻይና ልላካት ወይስ እዚሁ ትማር?" ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ልጅቷ የት አገር ሰው ልታክም ነው የምታስበው?

ጎንደር ተማሪ ሳለሁ አንዲት እናት "ልቤን ያቃጥለኛል" አሉኝ። ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ስወስድ ስለ ልብ ብቻ ጠየቅኳቸው። ሲኒየሬ፣ ማለትም በትምህርቱ የሚቀድመኝ ሐኪም፣ መጣና "እማማ፣ እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ" አላቸው። እጃቸው ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ ጨጓራቸው ላይ አረፈ። ምች፣ መጋኛ፣ "ጎኔን ይወጋኛል" የሚባለውን ከሕመምተኛው አፍ ሰምቶ መተርጎም የሚለመደው እዚሁ ዋርድ፣ ሕመምተኞች በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው። ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪም) ሲኮን ደግሞ ማዋለዱም፣ ቁስል መስፋቱም፣ የሌሊት ተረኝነቱም በራስ እጅ ነው። አንድ አልጋ ዙሪያ ተማሪ ሲበዛ መጋፋት አለ፤ እሱን አልደብቅም።

ቻይና ብዙዎቹ የውጭ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ሕመምተኛው ግን የሚያወራው ቻይንኛ ነው። ቋንቋውን ያልያዘ ተማሪ ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ ሕመምተኛ ሲያዩ፣ ቆሞ ከማየት አያልፍም። በመሣሪያ በኩል ግን እነሱ ይበልጡናል፤ እዚህ ወረፋ የሚጠበቅለት ምርመራ እዚያ የዕለት ሥራ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ በወጪ መጋራት ፈርሞ ይማራል፣ ተመርቆ ይከፍላል። የግል ኮሌጅም ውድ ቢሆን ክፍያው በብር ነው። የውጭው በዶላር ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጡ ሲመጣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በዓመት 4,000 ዶላር የሚከፍል ቤተሰብ 228,000 ብር የነበረው ወጪ ከ400,000 በላይ ሆነበት። ልጁ ሦስተኛ ዓመት ላይ እያለ ማለት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻይና በኮሮና ምክንያት ድንበሯን ስትዘጋ አገር ቤት የነበሩ ተማሪዎች እስከ 2022 በኢንተርኔት ለመማር ተገደዋል። ሕክምና ሕመምተኛ ሳይነኩ!

"ከቻይና አሜሪካ መግባት ይቀላል" የሚባለውን አትመኑ። ከጥቁር አንበሳም ተመረቁ ከቻይና፣ አሜሪካ ለመሥራት ያው ዩኤስኤምኤልኢ የሚባለው የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ይጠብቃችኋል። አገር ቤት ለመመለስም ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማስመዘን፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናም መውሰድ አለ።

እርግጥ እዚህ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ ሐኪም ብዙ ነው፣ ደሞዙም አያወላዳም። ቻይና ቆይታ ቋንቋዋን አጥንታ ስፔሻላይዝ ለማድረግ የቆረጠች ልጅ ካለች፣ ስኮላርሺፕም ካገኘች፣ ትሂድ እላለሁ። በቤተሰብ ኪስ ከሆነ ግን እኔ እዚሁ ነው የምለው።

ለኤጀንት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። ተማሪዋ ሕመምተኛ የምታየው ከስንተኛ ዓመት ጀምሮ ነው? በየትኛው ሆስፒታል? ኢንተርንሺፑን የምትሠራውስ የት ነው? በጽሑፍ ካልመለሰ ቀብዱን አትስጡት።