የ1931ዋ ፎርድ ኩፔ፦ ከ14 ወርና ከ4,200 ማይል በኋላ

ባለፈው እሁድ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ከሚባለው ሰፈር ቡና ልጠጣ ብዬ መኪናዬን አቆምኩ። አንዲት እናት ጠጋ ብለው አዩዋት። ሞተሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ሞተሩን አዩ።

«ውይ ልጄን! ኮፈኑን ሰረቁህ?»

አልተሰረቀም። እኔው ነኝ ያወለቅኩት፤ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሆን ብዬ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ታዲያ ለዚህ ገንዘብ አወጣህ?» አሉኝ። አውጥቻለሁ። ስንት እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መኪናዋ የ1931 ፎርድ ሞዴል ኤ ኩፔ ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ሁለት በር፣ አንድ ወንበር። ከፋብሪካ ስትወጣ 3.3 ሊትር ባለ አራት ፒስተን ሞተር፣ 40 የፈረስ ጉልበትና በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን ነበራት። ከዚያ ሁሉ ዛሬ የቀረው ቦዲው፣ ሻንሲውና ፓራፋንጎው ነው። ሞተሩ ፍላትሄድ የሚባለው የ1951 ፎርድ ቪ8 ነው፤ 3.9 ሊትር፣ ሲፈጠር 100 የፈረስ ጉልበት። ላዩ ላይ ሁለት ስትሮምበርግ 97 ካርቡራቶር ተቀምጠዋል። ካምቢዮው የ1939 ነው። ፍሬኑም የዚያው ዓመት ነው፤ ፎርድ የዘይት ፍሬን መግጠም የጀመረው ያኔ ነበርና።

ለምን እንዲህ አይነት ቅልቅል? ሆትሮድ ማለት ይሄው ስለሆነ ነው። በ1930ዎቹ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ ይገዙና የማያስፈልገውን ብረት አውልቀው ይጥላሉ። ከአዲስ መኪና የተነቀለ ሞተር ይገጥማሉ። ከዚያ ሙሮክና ኤል ሚራዥ ወደሚባሉት ደረቅ ሐይቆች ወስደው በሰዓት ይወዳደራሉ። ውድድሩን የሚመራው ማኅበር የተቋቋመው በ1937 ነው። ሙሮክ ዛሬ የኤድዋርድስ አየር ኃይል ሰፈር ሆኗል፤ ኤል ሚራዥ ላይ ግን አሁንም ይሮጣሉ። «ትራዲሽናል» የሚባለው ደግሞ የዚያን ዘመን ልክ የሚጠብቅ ነው። የእኔ ሕግ ቀላል ነበር፦ ከ1953 በኋላ የተሠራ ነገር መኪናዋ ላይ አይገባም።

ሕጉን ሦስት ጊዜ ጥሻለሁ። ወደዚያ እመጣለሁ።

ሥራው ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ። ብቻዬን አልሠራሁትም። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ አንድ ጋሼ አሉ፤ እዚህ ጡረታ ላይ ናቸው። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው፤ ግን ማን ይፈልገዋል? ቴስታታ (የሞተሩ ክዳን)፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ… ጣልያን ትቶልን የሄደው የጋራዥ ቋንቋ ለአሜሪካ መኪና ቁልጭ ብሎ ይሠራል። የተቸገረው ሞተሩን የሚቦርድልን (ሲሊንደሮቹን የሚያሰፋልን) ፈረንጅ ነበር። ጋሼ «ቴስታታ» ሲሉት የሰው ስም እየመሰለው ማነው ይላል።

ዕቃ የለቀምነው በአብዛኛው ፖሞና ከሚካሄደው የአሮጌ መኪና ገበያ ነው። ጎህ ሳይቀድ በባትሪ መብራት መሬት ላይ የተዘረጋ ዝገት ታገላብጣላችሁ። ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። የመጀመሪያውን ሞተር የገዛሁት ግን ከሌላ ሰው ነበር። «ንጹህ ነው» ብሎ ሸጠልኝ። ስናስመረምረው በቫልቭና በሲሊንደር መካከል ተሰንጥቋል። የዚህ ሞተር የታወቀ በሽታ ነው፤ ሳያስመረምር የከፈለው እኔ ነኝ። 600 ዶላር ገደል ገባ። ፍላትሄድ የምትገዙ ከሆነ፣ መጀመሪያ ምርመራ፣ ኋላ ክፍያ።

አሁን ወደ መንዳቱ።

ከቆመች ስትነሳ ደስ ትላለች። ጉልበቷ ከታች ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ጣል አድርጋችሁ ሰፈሩን ሙሉ መዞር ትችላላችሁ። አንደኛ ማርሽ ሳትቆሙ አይገባም፤ ከሞከራችሁ ካምቢዮው ይሰድባችኋል። በሰዓት 65 ማይል ስትሄድ ሞተሩ 2,750 ዙር አካባቢ ነው፤ አይጨነቅም። የምጨነቀው እኔ ነኝ። ጎማዎቹ ራዲያል ያልሆኑ የድሮ ዓይነት ስለሆኑ ፍሪዌይ ላይ ያገኙትን ስንጥቅ ሁሉ ይከተላሉ። መሪውን ለቅጽበት ችላ ካላችሁ መንገዱ ይነዳላችኋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ስነዳ ትከሻዬ ያመኛል። ቤንዚን በጋሎን 14 ማይል ገደማ ትሄዳለች፤ በእኛ ስሌት በሊትር ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል።

ድምፁን በጽሑፍ ማስረዳት ይከብደኛል። በእያንዳንዱ ጎን አራት ሲሊንደር አለ፤ ጭስ መውጫው ግን ሦስት ነው። መሀል ያሉት ሁለቱ አንድ በር ይጋራሉ። ያን የሚንተባተብ፣ ወፍራም ድምፅ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ችግሩ፣ ጭሱ ወደ ውጭ ለመውጣት ውሃው በሚዞርበት ብረት መሀል ያልፋል። ትኩስ ጭስ ውሃውን ይቀቅለዋል። ማለትም ሰው ዞር ብሎ እንዲያይ የሚያደርገውና ኦገስት ላይ መንገድ ዳር የሚያስቆመኝ አንድ ነገር ነው።

የመጀመሪያው በጋ አስለቅሶኛል። ትራፊክ ውስጥ አሥር ደቂቃ፣ መርፌው ቀዩ ላይ። ሁለት የውሃ ፖምፓ አላት፣ ራዲያተሩ አዲስ ነው፣ ግን አልቻለም። ጋሼ ሞተሩን መልሰን እንፍታው አሉ። ፈታነው። ውሃ መሄጃው ውስጥ በ1951 ብረቱ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ የቀረ የፋብሪካ አሸዋና የ70 ዓመት ዝገት ተጋግሮ አገኘን። በሽቦ እየቆፈርን፣ በግፊት ውሃ እያጠብን አንድ ቅዳሜ ሙሉ አወጣን። አንድ ባልዲ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መጀመሪያ ስንገጣጥም ይሄን ማድረግ ነበረብን፤ ቸኩለን ነው። ከዚያ በኋላ ሕጌን የመጀመሪያ ጊዜ ጣስኩ፦ ከራዲያተሩ ኋላ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ደበቅኩ። እሱን ለማንቀሳቀስ ደግሞ 6 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት ቀየርኩ። ሁለተኛ ጥሰት። አልጸጸትም፤ ሞተሩ ሲሞቅ እንደ ደከመ በሬ ያቃስት የነበረው ሞተሪኖም (ማስነሻው) አብሮ ዳነ።

ሙቀቱ ሌላም ጣጣ አለው። የዛሬ ቤንዚን ውስጥ ኢታኖል አለ፤ ቶሎ ይፈላል። ነድታችሁ፣ አቁማችሁ፣ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ስትመለሱ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ፈልቶ አልቋል። ጋዙን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ደጋግማችሁ ታስነሳላችሁ። ቡና ቤት ፊት ለፊት፣ ሰው እያየ።

ሦስተኛው ጥሰት ፍሬኑ ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል።

ዘጠነኛው ወር ላይ ነበር። አንጀለስ ክረስት የሚባለው መንገድ ከላ ካኛዳ ተነስቶ ወደ ሳን ጋብርኤል ተራሮች ይወጣል። ቁልቁል ስመለስ አንድ መታጠፊያ ጋ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ምንም ሳይታገል ወለሉ ድረስ ወረደ። ደገምኩ፤ ባዶ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ጋዝ ነካ አድርጌ ሁለተኛ ከተትኩ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ግን ያዘች። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩት። ዳር ያለው ጠጠር ላይ ስትቆም ጣቶቼን ከመሪው ለማላቀቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ወርጄ ሳይ የኋላው ግራ ጎማ ውስጡ በፍሬን ዘይት ርሷል። ጥፋተኛዋ አንዲት ሳንቲም የምታክል ጎሚኒ (ዘይቱን የምታግድ ላስቲክ) ናት።

የ1939 ፍሬን ለአራቱም ጎማ አንድ መስመር ነው ያለው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ይሄዳሉ። የአሜሪካ መኪኖች ከ1967 ወዲህ ሁለት የተለያየ መስመር አላቸው፤ ምክንያት አላቸው። አሁን የእኔዋም እንደዚያ ናት። የቀየርኩት ዕቃ ወለሉ ሥር ስለሆነ ማንም አያየውም። ለማያውቁኝ ሰዎች እንኳ እነግራቸዋለሁ፦ 400 ዶላር የማይሞላ ዕቃ ነው፣ ለሁለት ካርቡራቶር ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ከፍያለሁ። ለመሄድ የከፈልኩትን ያህል ለመቆም አልከፈልኩም ነበር።

የቤንዚን ታንከሩን በተመለከተ ግን ገና ስንጀምር ነው የወሰንነው። ሞዴል ኤ ታንከሯን የምትሸከመው ከመስታወቱ ሥር፣ ጉልበታችሁ ፊት ለፊት ነው። ወደ ኋላ አዛወርነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መለኪያ ታንከሩ ላይ በቀጥታ የተገጠመ ስለነበር አሁን ለጌጥ ቀርቷል። ቤንዚን የምለካው በእንጨት ዘንግ ነው። ሦስት ቦታ በቢላ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ወንበሩ ሥር ይተኛል። አንድ የጋዝ ማደያ ሠራተኛ ሲያየኝ ቪዲዮ ቀርጾኛል።

ገንዘቡ ይኸውና። መኪናዋ 13,500 ዶላር። ሞተሩ ሲታደስ 9,800። ሁሉም ሲደመር 43,000 አልፏል፣ የጋሼን ድካም ሳይጨምር፤ እሳቸው ምሳ እንጂ ገንዘብ አልቀበልም ብለዋል። ብሸጣት ያን አላገኝም። በ14 ወር ውስጥ ለጥገና የሄደው 2,100 ነው፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ፍሬን። በየ800 ማይሉ የፍሬን ሸራውን ማስተካከል አለባችሁ፤ አለዚያ ስትረግጡ ወደ ቀኝ ትስባለች። ዕድሜ ለካሊፎርኒያ ሕግ፣ የ1975ና ከዚያ በፊት ሞዴል ለሆነ የቤንዚን መኪና የጭስ ምርመራ የለም።

አንድ መኪና ብቻ ላለው ሰው አልመክርም። እኔ ሥራ የምሄደው በቶዮታ ነው። እንደገና ብጀምር ግን ሞዴል ኤዋን እመርጣለሁ፣ ፍላትሄዱንም አልቀይርም። የምቀይረው ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ራዲያተርና የሞተር እጥበት። ካርቡራቶር በመጨረሻ፣ እሱም አንድ።

የቀረ ሥራ አለ። የቀኝ በር መስታወት እስከ ላይ አይዘጋም። ባለፈው የካቲት ዝናብ ሲጥል ጎኔ የተቀመጠው ልጄ ክፍተቱን በጃኬቱ ደፍኖ ነው ቤት የደረስነው። ጋሼ «እሱማ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው» ብለውኛል። ይሄን ካሉ ሰባት ወር ሆናቸው።